ልጄ ሱሉልታ ላይ ስትዘፍን

ልጄ በጉሮሮ ሕመም ድምፅዋ ተዘግቶ ከርሞ ነበር። ለእመቤታችን ጃንጥላ ተሳልኩና ድምፅዋ ተመለሰ። ስለቱን የማስገባው ለዓመቱ ንግሥ ስለነበረ ጃንጥላው ገና ከቤቴ አልወጣም።

ወጣቶች ሱሉልታ ላይ ቅዳሜና እሑድ ባዘጋጁት የሙዚቃ ድግስ ልትዘፍን ሄደች። እኔም ከቡራዩ ተነስቼ ቅዳሜ ከሰዓት ደረስኩ። ሜዳውን ጉም ሸፍኖታል። ብዙ ሰው ይጨፍራል፤ ሙዚቃ ግን የለም። የሚሰማው ሣሩን የሚረግጠው እግር ብቻ ነው። ሁሉም ጆሮው ላይ ወፍራም ነገር ደፍቷል፤ ለብርዱ መስሎኝ ነበር። ጸበል ቦታ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። አማተብኩ።

ልጄ ሩቅ መድረክ ላይ ቆማለች። አፏ ይከፈታል፣ አንገቷ ይወጠራል፣ ድምፅ ግን አይሰማም። ስለቱ ስለዘገየ እመቤታችን ድምፅዋን መልሰው ወሰዱባት ብዬ ወደ መድረኩ መጋፋት ጀመርኩ።

አጠገቤ የምትጨፍር ልጅ ክንዴን ያዘች። "ማዘር፣ ማዳመጫ አልሰጡዎትም እንዴ? ሰፈሩን እንዳንረብሽ ሙዚቃው በዚህ ብቻ ነው የሚሰማው። ይሄኔ አብደዋል ብለውን ይሆናል!" የራሷን አውልቃ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ።

የልጄ ድምፅ ከመድረኩ ሳይሆን ከራሴ ውስጥ የመጣ መሰለኝ። ጥርት ያለ ነበር። ተመስገን ብዬ እልልታዬን አቀለጥኩት። ማዳመጫዋን ከሰጠችኝ ልጅ በቀር ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድም ሰው ዘወር አላለም።