የእትዬ የዓለምወርቅ ሽኝት

እትዬ የዓለምወርቅ በካልጋሪ ዳውንታውን፣ ባለ አሥራ አራት ፎቅ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠቡ ለየፎቁ ያከፋፍሉ ነበር። አዲስ አበባ ሳሉ ሁለት ዓመት ጠባብ ክፍል ውስጥ ታስረው ስለነበር ሊፍት መግባት አይችሉም፤ አንሶላውን ተሸክመው ደረጃ ይወጣሉ። ጉልበታቸው ሲከዳቸው አለቃቸው፣ ጆአን ወደምትባል የሥነ ልቦና አማካሪ ላከቻቸው። እኔ ከክፍሌ አንደኛ የምወጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ አስተረጎምኩላቸው።

ስምንት ወር፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከሚኖሩበት ከፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር በአውቶቡስና በባቡር ዘጠነኛ ፎቅ ወዳለው የጆአን ቢሮ መጡ። በመጨረሻ ከጆአን ጋር ሆነው፣ እጇን ይዘው፣ ሊፍት መሳፈር ቻሉ። ብቻቸውን ግን ሞክረው አያውቁም።

በ1986 መጋቢት የመጨረሻው ሴሽን ደረሰ። ጆአን ከቅጹ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ቃል አነበበች። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ «ሕክምናዎ ከዛሬ ጀምሮ ተቋርጧል፤ ፋይልዎም ተዘግቷል» አልኩ። በትክክለኛነቴ ኮርቼ ነበር።

እትዬ ኮታቸውን ቆለፉ። «ምን አጠፋሁ? ባለፈው በሺፍት ምክንያት ስለቀረሁ ነው?»

«ኧረ አላጠፉም! ድነዋል ማለቷ ነው።»

«የዳነ ሰው እንዲህ ነው የሚሰናበተው? አንደኛ ወጣሁ ስትይ አልነበር አንቺ?»

ተነሥተው ወደ ደረጃው በር አመሩ። የስምንት ወር ድካም በእኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ሊፈርስ ሆነ። ለጆአን በእኛ ዘንድ የተከበረ ሰው ብቻውን እንደማይወጣ ነገርኳት። ደንቡ ከሕንፃው በር እንደማያሳልፋት ገለጸችልኝ፤ ነገር ግን ኮቷን አነሣች።

«እትዬ፣ ልትሸኝዎ ነው!»

ዞር አሉ። «እስከ የት?»

«እስከ ባቡሩ።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትዪም!»

እትዬ የጆአንን እጅ ይዘው፣ ሦስታችንም በሊፍት ወረድን። ሰባተኛ አቬኑ ላይ ባቡሩ ሲመጣ መረቋት፤ «የደከምሽበትን ይባርክልሽ፤ ደጅሽ የመጣ ሁሉ ቀሎት ይመለስ» አሉ። እንዳሉት አስተረጎምኩ። ጆአን ዓይኗን ጠረገች።

እትዬ ግን አልተሳፈሩም። «ሸኝታኝ ብቻዋን ትመለስ? እኔም መልሼ ልሸኛት እንጂ!»

ባቡሩ ሄደ። ሕንፃው ስንደርስ እኔን ታች አቁመው ከጆአን ጋር ወደ ዘጠነኛው ፎቅ ወጡ። ከሊፍቱ በላይ የሚበሩትን ቁጥሮች እያየሁ ቆየሁ፤ ዘጠኝ ላይ ብዙ ዘገየ፤ ከዚያ መውረድ ጀመረ።

በሩ ሲከፈት ብቻቸውን ነበሩ። ግንባራቸው አልቦታል።

«በይ፣» አሉኝ፣ «አሁን ፋይሉን ትዝጋው።»