ዱባይን ያሸነፈው አንበሳ

ተሰቀለ! አጎቴ ጋሽ ሙሉቀን ትናንት ከሰዓት በኋላ መሰላል ላይ ወጥተው እኔ ያነሳሁትን አንበሳ የፎቶ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅና ጋሪ ሲጋፉ እየሰማሁ፣ አዲስ የታተመ ባነር ያለውን ያንን ራስ የሚያዞር የቀለም ሽታ እየማግሁ ፈዝዤ ቀረሁ። ሽታው ወዴት ወሰደኝ መሰላችሁ? ወደ ሌላ የቀለም ሽታ፣ አምስት ዓመቴ ወደነበረበት የፋሲካ ማግስት።

ያኔ እዚያው ግድግዳ ላይ፣ ሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሳለ ሌላ አንበሳ ነበር። የሣለው ሰው አንበሳ በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ጎፈሩን እንደ ሱፍ አበባ ዙሪያውን በትኖለት፣ ፊቱ ቁርጥ የሰፈራችንን ባለ ወፍጮ መስሎ፣ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። እናቴ አዲስ ቀሚስ አልብሳ፣ ፀጉሬን ቅቤ ቀብታ ከፊቱ ብታቆመኝ፣ ባለ ወፍጮው ጎፈር አብቅሎ የመጣብኝ መስሎኝ አገር ይያዝልኝ አልኩ። ጋሼ ሊያስቁኝ ብለው እንደ ፍየል ቢጮኹ፣ አንበሳው ፍየሏን ሊበላት ነው ብዬ ይብሱን አለቀስኩ። ፎቶው ዛሬም ቤታችን አለ፤ እኔም አፌን ከፍቼ፣ አንበሳውም አፉን ከፍቶ።

ያ ሸራ ባለፈው ክረምት እጥፋቱ ላይ ተተረተረ። ጋሼም በምትኩ የዱባይን ፎቅ የሚያሳይ የተዘጋጀ ባነር ሊሰቅሉ ቆረጡ።

«ጋሼ፣ የዱባይ ፎቅ ለእኛ ምናችን ነው? አንበሳ ይሁን እንጂ!»

«አንበሳ ከየት ላምጣ? ቡሬ ገበያ አይወጣ!»

«እኔ አነሳዋለሁ።»

ሳቁብኝ። ሲበቃቸው ግን «ዓይኑን ገልጦ ካመጣሽው ይሰቀላል፤ ተኝቶ ካመጣሽው ዱባይ ነው» አሉኝ፣ የጥምቀትን የፈረስ ጉግስ የሚያነሱበትን ረጅም ሌንስና ሞኖፖድ የሚሉትን ባለ አንድ እግር መቆሚያ እያቀበሉኝ።

ምን ልበላችሁ፣ ሌንሱ የተኛ ሕፃን ያህል ይከብዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሼ ጋር ወደ ቡሬ መንገድ እየወጣሁ፣ መቆሚያውን መሬት ላይ ተክዬ፣ ክርኔን ጎኔ ላይ ለጥፌ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ዋርካ ላይ ያሉትን ጦጣዎች አነጣጥር ጀመር። አንድ ገበሬ ከማሳቸው ዳር ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና ሲጨንቃቸው ጊዜ «ልጄ፣ የማንን መሬት ነው የምትለኪው?» አሉኝ። ጦጣዋን በካሜራው መስኮት አሳየኋቸው። «ይቺ ናትና በቆሎዬን የጨረሰችው! ያዣት!» አሉ።

ጋሼ ለፎቶ ቤቱ ዕቃ ሊገዙ አዲስ አበባ ሲሄዱ ይዘውኝ ሄዱ፤ አንበሶች የሚታዩበት ግቢ ለመግባት የነበረን አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። ጋሼ ደግሞ ሞኖፖዱን እንዳገራቸው ልማድ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውት ኖሯል። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አስቆሙን።

«ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

«ኧረ የካሜራ እግር ነው» አሉ ጋሼ።

«የካሜራ እግር ሦስት ነው። ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ከፍኖተ ሰላም።»

«ጎጃም! በሉ እንግዲያ ዱላ ነው።»

 ያለ እግሩ እጄ እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ፤ የተንቀጠቀጠ አንበሳ ደግሞ ዱባይ ማለት ነው። የዱባዩን ነገር እንዳለ ነገርኳቸው። ዘበኛው አገጫቸውን እያሻሹ አሰቡና «እኔው ይዤው እገባለሁ፤ ዱላው ከእጄ አይወጣም» አሉ። እንዳሉትም ከአንበሳው አጥር ፊት ለፊት፣ ካሜራዬ የተገጠመበትን መቆሚያ እንደ ሰንደቅ በሁለት እጃቸው ጨብጠው አብረውኝ ቆሙ። አንበሳው ጀርባውን ሰጥቶን ተኝቷል። ዘበኛው ሲተነፍሱ ምስሉ ይወዛወዛል። ፀሐይዋ እየወረደች ነው፤ ጋሼ ሰዓታቸውን እያዩ «ፎቁም እኮ አይከፋም» ይሉኛል።

ድንገት ከበስተኋላችን የሥጋው ጋሪ ተንኳኳ። አንበሳው ጭንቅላቱን አነሳ፣ ዞረ፣ ሁለት ቢጫ ዓይኖቹን ወደ ካሜራዬ በኩል ገለጠ። «አባባ፣ አይተንፍሱ!» አልኳቸው። ዘበኛው ጉንጫቸውን ነፍተው ደረቁ። ቀጭ! ሳየው የአጥሩ ሽቦ በሌንሱ ርቀት ሟሙቶ ጠፍቷል፤ እኔና አንበሳው ብቻ ነን። እልል አልኩ! ዘበኛውም የያዙትን ትንፋሽ ለቀው አብረውኝ ሳቁ።

ትናንት ጋሼ ከመሰላሉ ሲወርዱ የድሮውን ሸራ ጥግ ላይ አይቼ ዘረጋሁት። ጎፈሩ ላይ፣ ከሕፃን ቁመት ትይዩ፣ ቀለሙ ተልጦ ነጩ ብቻ ቀርቷል። የከተማው ልጆች አንድ በአንድ ዳብሰው የጨረሱት ነው፤ ዛሬ ግማሾቹ ተድረዋል፣ ግማሾቹ ወዴት እንደሄዱም አይታወቅ። የእኔው አንበሳ ያምራል፣ እውነተኛ ነው፣ ግን ያየው የነበረው ሥጋውን ነው፤ የድሮው እኛን ነበር የሚያየው። ያንን ሳቅ በየትኛውም ሌንስ አላመጣውም።

ጋሼ ከባነሩ ሥር «መንካት ክልክል ነው» ብለው ለጥፈው ነበር። ለምኜ አስነሳሁት። እንግዲህ ከቡሬም ሆነ ከሽንዲ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። የሚያለቅሰው ያልቅስ፣ ጎፈሩን ግን ይዳብስ። እጃቸውን ሳትጠርጉላቸው አምጧቸው።