ጨርቁን እንዳታነሺ

ልጅ ሳለሁ ቆቃ እንኖር ነበር። ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ስትጠልቅ የግቢያችን ልጆች ሁሉ በአዴ ሎሚ የከሰል ምድጃ ዙሪያ እንሰበሰባለን። አዴ ሎሚ ጤና ጣቢያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በፅዳት የሠሩ ጎረቤታችን ነበሩ። በቆሎ እየጠበሱ «ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ተቀመጡ!» ሲሉን፣ ጭሱ ዓይናችንን ቢያቃጥለንም ከቦታችን አንነቃነቅም፤ ያኔ ከተረታቸው አንድ ቃል ማጣት እራት እንደማጣት ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ከአዳማ እስክትመለስ፣ መዳህ የጀመረውን ወንድሜን ናቲን እንድጠብቅ ታዘዝኩ። አዴ ሎሚ የጉማሬንና የኤሊን እሽቅድምድም ሲያወሩ ግን አጠገቤ ያስቀመጥኩትን ልጅ ረሳሁት። ጩኸቱን ሰምቼ ስዞር ከአጥሩ ሥር የተጣለ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይዟል። ክዳኑ ጣቱን ቆርጦታል፤ ደሙ እስከ ክርኑ ወርዷል።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ እየሮጡ መጡ፤ እጃቸው ሙሉ የተፈጨ ቡና ይዘዋል።

«ቶሎ ይነስነስበት!»

አዴ ሎሚ ያዟቸው። «የለም አስኩዬ፣ ቁስል ላይ ቡና አይደረግም። የሚጠጣ ውሃና ሳሙና ስጪኝ።»

መጀመሪያ የራሳቸውን እጅ ታጠቡ፤ ከዚያ የኔን አስታጠቡኝ። ጣቱ ላይ ውሃ እያፈሰሱ በፋኖሱ ብርሃን አዩት፤ ጥልቅ አልነበረም። ታጥቦ የተተኮሰ ነጭ ጨርቅ አጠፉና ያልጠበቅኩትን አደረጉ፤ ለእኔ ሰጡኝ።

«ጫን አድርገሽ ያዢ። ተረቱ እስኪያልቅ ጨርቁን እንዳታነሺ።»

«እኔ እኮ ነኝ ያላየሁት» አልኩ እያለቀስኩ።

«አውቃለሁ። አሁን እያየሽው ነው፤ ያዢ።»

ተረቱንም ካቆሙበት ቀጠሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። ናቲ ለቅሶውን እየቀነሰ አፍ አፋቸውን ማየት ጀመረ። እኔ ጨርቁን ገለጥ አድርጌ ለማየት ብጓጓ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ኤሊዋ ወንዙን ስትሻገር ተረቱ አለቀ፤ ጨርቁን ሳነሳ ደሙ ቆሟል። እትዬ አስካለ ፕላስተር ቢያመጡም፣ «ጣቱን አፉ ውስጥ ይከታል፤ ተላቆ ያንቀዋል» ብለው አዴ ሎሚ መለሱላቸው። በንጹሕ ፋሻ ጠቅልለው፣ እንዳይፈታው እጁን ካልሲ አለበሱት።

እናቴ መጣች። አዴ ሎሚ ምንም አልደበቁላትም፤ ጣሳውንም፣ የኔን መዘናጋትም ነገሯት። «ደሙን ያቆመችው ግን እሷ ናት። ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጂውና የቴታነስ ክትባቱን ይዩለት» አሉ።

እናቴ ዕቃዋን ልታስገባ ስትነሳ ናቲን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

ዛሬ አዳማ የራሴን ልጆች ሳሳድግ፣ የአዴ ሎሚ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። ያልጠፋው ያን ምሽት ያየሁት የእናቴ ጀርባ ነው፤ ጥፋቴን ሁሉ ሰምታ፣ ልጇን ለእኔ ትታ፣ አንዴም ዞር ሳትል ወደ ቤት የገባችው።