«እህ» የማይል ስልክ

መልእክት ጽፋችሁ፣ «ላክ» የሚለውን ተጭናችሁ፣ ስልኩን ኪሳችሁ ከታችሁ፣ ከረጅም ሰዓት በኋላ መልእክቱ ከስልካችሁ ንቅንቅ እንዳላለ ያያችሁበት ጊዜ አለ? እኔን የገጠመኝ በእህቴ ሠርግ ሰሞን ነው።

ያኔ ኮምቦልቻ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ቤተሰቤ ያለው ደሴ ስለሆነ ዓርብ ዓርብ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ እሁድ ማታ እወርዳለሁ። ስልኬ ላይ አንድ የመልእክት መተግበሪያ ጭኛለሁ። ሲያዩት እንደ ሌሎቹ ወሬ መለዋወጫ ነው፤ ውስጡ ግን ኢሜይል ነው። እኔ ሁለት ቃል ስጽፍ ወዲያ ማዶ ላለው ሰው ኢሜይል ሆኖ ይደርሰዋል። ስለዚህ ሰውየው ያንኑ መተግበሪያ መጫን አይጠበቅበትም፤ ቢሮ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሊያነበውና ሊመልስ ይችላል። ይህን ለሰው ሁሉ ሳስረዳ እውል ስለነበር እህቴ «ደግሞ ጀመረው» ብላ ከክፍል ትወጣ ነበር።

አንድ ደንብ ግን ከእሷ ጋር ተስማምተን አውጥተናል። ደንቡ የተወሰደው ከእናቴ ነው። እናቴ ወሬ ስታወራ አድማጩ በየመሀሉ «እህ» ማለት አለበት። ካላለ ቀጥ ትልና «ለግድግዳው ነው እንዴ የማወራው?» ትላለች። እኛም መልእክት የደረሰው ሰው ሌላ ምንም ባይጽፍ «እህ» ብሎ እንዲመልስ ተስማማን።

አሁን ወደ ሠርጉ። በእኛ አገር ክርስቲያን ሲድር እስላም ጎረቤቱ ሳይበላ አይሄድም፤ የሚበላው ደግሞ እስላም ያረደውን ነው። ስለዚህ ሁለት በሬ ተገዛ፤ ሁለት የወጥ ቤት ዳስም ተተከለ። የእስላሞቹን በሬ የሚያርዱት የአባቴ የድሮ ወዳጅ ናቸው። ከኮምቦልቻ ወዲያ ሐርቡ ይኖራሉ፤ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። አባቴ ከሞተ ወዲህ በቤታችን ድግስ ቢላዋ የሚያነሡት እሳቸው ናቸው። እናቴ ሌላ ሰው ይረድ ሲሏት መስማት እንኳን አትፈልግም።

ሠርጉ እሁድ ስለሆነ ዕርዱ ለቅዳሜ ከሰዓት ተቀጥሮ ነበር። ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤቱን ለቅቄ ሚኒባስ ውስጥ እንደገባሁ እህቴ ደወለች።

«ውኃ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው የሚመጣው አሉ። ቀትር ላይ ይሄዳል። ያለ ውኃ በሬ አይታረድም፤ ሐጂ ጠዋት በአንድ ሰዓት ይድረሱልን!»

«ለምን ራሳቸው ጋ አትደውይም?»

«ስልካቸውን የሚከፍቱት እሳቸው ሲደውሉ ብቻ መሆኑን ረሳኸው?»

መልእክት ልታደርስልን የቀረችን የሐጂ ልጅ ብቻ ናት። ኮምቦልቻ አንድ ቢሮ ትሠራለች፤ ማታ ሐርቡ ትገባለች። የእሷ ስልክ ደግሞ ያን ሰሞን ጥገና ላይ ነበር። ኮምፒውተሯ ግን ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ የ«እህ» ደንባችንንም ታውቃለች። ቢሮው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይዘጋል። ከዚያ በፊት ካነበበችው ሐጂ ጠዋት ይደርሳሉ፤ ካላነበበችው የአባቴ ጎረቤቶች በልጁ ሠርግ ሥጋ ሳይቀምሱ ይነሣሉ።

ጻፍኩ፤ ላክሁ። «እህ» አልመጣም። ያንኑ ገልብጬ ደግሜ ላክሁ። ሐረጎን ስንጀምር እንደገና፣ በየጠመዝማዛው እንደገና። ጣቴን ስልኩ ላይ ስቸክል ያየኝ ረዳት ወደ ኋላ ዞሮ «መምህር፣ እንዲህ መጫን ከቻልክማ ና ነዳጁን ተጫንልን፤ ዳገቱ ከብዶናል!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ግን አዘኑልኝ። «ተው ልጄ፣ ከፈለገችህ ራሷ ትደውላለች» አሉኝ።

ደሴ ስደርስ ጉሙ ግቢያችን ድረስ ወርዷል። እህቴ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ዳሱ ሥር ቆማለች።

«ነገርካት?»

«ልኬላታለሁ።»

«እህ አለችህ?»

ስልኩን አሳየኋት።

«እንግዲያማ ለግድግዳ ነው የላክኸው» አለችና እናቴን ልትጠራ ዞረች።

«ቆይ! ለእማዬ እንዳትነግሪያት» ብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ «መልሱን ከመገመታችሁ በፊት መጨረሻ የሠራው የት ላይ ነው በሉ» እላቸዋለሁ። ራሴን ጠየቅሁ። መጨረሻ «እህ» የደረሰኝ ትምህርት ቤት ሆኜ፣ በግቢው ዋይፋይ ነው። ከበሩ ስወጣ ስልኩ ዋይፋዩን ትቶ ወደ ሲም ካርዱ ኔትወርክ ዞሯል።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። መተግበሪያው ሩቅ ካለው የኢሜይል ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው አንድ ገመድ ጫፍና ጫፉን እንደያዙ ሁለት ሰዎች ነው። ዋይፋዩ ሲቀር ገመዱ መሀል ላይ ተቆረጠ። የተቆረጠ ገመድ ግን እጅ ላይ ያለው ጫፍ አሁንም ገመድ ነው። የእኔ መተግበሪያ ጫፉን እንደያዘ ወዲያኛው ሰው እስኪስብ ድረስ በትዕግሥት ይጠብቃል። ስልኩ አናት ላይ የኔትወርኩ ምልክት ሙሉ ነበር፤ አዲስ መንገድ ተከፍቷል፤ እሱ ግን አሮጌውን አልለቀቀም። እኔም በላክሁ ቁጥር ያንኑ ሙት ገመድ ጫፍ ላይ እየደረደርኩ ኖሯል።

የአውሮፕላኗን ምልክት ተጫንኩ፤ ስልኩ ከሁሉም ተቆረጠ። እስከ አሥር ቆጥሬ መልሼ ከፈትሁት። አዲስ ጽሑፍ አልጻፍኩም፤ ዝም ብዬ አየሁ። ከመጀመሪያው መልእክት አጠገብ «ገና አልሄደም» ብላ የቆመችው የሰዓት ምልክት ጠፋች። ቀጥሎ ያለችውም ጠፋች። ብዙም ሳይቆይ ከኮምቦልቻ መልስ መጣ።

«እህ። ሁሉም ደርሶኛል። ለአባቴ እነግራለሁ።»

እህቴ ጉንጬን ስማኝ ሄደች። «ሁሉም» የምትለዋን ቃል ልብ አላልኳትም።

በማግሥቱ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ናቸው። ከኋላቸው ሁለት ጎረምሳ የወንድሞቻቸው ልጆች ቢላዋና መጥረቢያ ይዘው ቆመዋል።

«አሰላሙ ዓለይኩም! የት አሉ በሬዎቹ?»

«ሐጂ፣ ይግቡ። የእርስዎ አንድ ነው፤ ያውልዎት» አልኩ።

«አንድ?» በሬውን አዩ፤ እኔን አዩ። «ልጄ ሰባት ጊዜ ጻፈ አለችኝ። ወላሂ ሰባት ሰንጋ የጣላችሁ መስሎኝ እነዚህን ከእንቅልፍ ቀስቅሼ አመጣሁ! ለአንድ በሬ ነው ሰባት ጊዜ የምትጠራኝ?»

እናቴ ከጓዳ ወጥታ እስክታነባ ሳቀች። «አስተማሪ እኮ ነው ሐጂ፤ አንዴ ተናግሮ አይበቃውም።»

ልክ ያኔ ቧንቧው አፉን ከፈተ። ሐጂ ቢስሚላህ ብለው ወደ በሬው ሲሄዱ ጎረምሶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ውኃ መቅዳት ጀመሩ። ውኃው ቀትር ላይ ሲሄድ ባዶ የቀረ በርሜል አልነበረም። እሁድ ሁለቱም ዳስ እኩል በላ። የአባቴ ጎረቤቶች እጃቸውን ታጥበው ሲመርቁ እናቴ የሐጂን ትከሻ ይዛ ቆማ ነበር።

ከሠርጉ በኋላ ለመተግበሪያው ሠሪዎች ይህንኑ ጻፍኩላቸው። ኔትወርክ ሲቀያየር አሮጌውን ገመድ ጣሉት፤ ባይቀያየርም በየመሀሉ «አለህ?» በሉ፤ «እህ» ካልተባላችሁ አዲስ ክፈቱ አልኳቸው። የጻፍኩት ብቻዬን እንዳልነበር እገምታለሁ። ቆይቶ የመጣው እትም ሐረጎ ላይ ራሱን አድሶ መልእክቴን ሲያሳልፍ በዓይኔ አየሁ። ረዳቱም የሚቀልድበት አጣ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ከቤት ዋይፋይ ወጥታችሁ መንገድ ስትጀምሩ ለአንድ ወዳጃችሁ አንዲት ቃል ላኩና «እህ» እስኪላችሁ ጠብቁ። ዝም ካለ ደጋግማችሁ አትጫኑ፤ የአውሮፕላኗን ምልክት ከፍታችሁ ዝጉና መንገዱን አድሱለት፤ መልእክታችሁ ራሱ ይሄዳል። እምቢ ብላችሁ ሰባት ጊዜ ከላካችሁ ግን ውኃ ቀጂ ይበዛላችኋልና በርሜሎቻችሁን አዘጋጁ።