ሮኬት በሻንቶ ገበያ

ሳዲያ በወላይታዋ ሻንቶ ከተማ ውስጥ ዲሽ በመሸጥና በመትከል የታወቀች ናት። ሥራውን የተማረችው ከአባቷ ነው። ጣሪያ ላይ ወጥታ ዲሽ ባዞረች ቁጥር «ያንን ሳተላይት ማን ወስዶ ሰማይ ላይ አስቀመጠው?» እያለች ትገረም ነበር። እየቆየች ሮኬቶች ሲመጥቁ በስልኳ መከታተል ጀመረች፤ ደስታዋን የሚጋራት ግን አላገኘችም።

አንድ ሮኬት በሚመጥቅበት የገበያ ቀን ስልኳን ከሱቋ ትልቅ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝታ በሩ ላይ አቆመችው። ሮኬቱ እሳት እየተፋ ሲነሳ ገበያተኛው ተሰበሰበ። የታችኛው ክፍል ተላቆ መውረድ ሲጀምር ሰዉ በወላይትኛም በአማርኛም «ወደቀ!» ብሎ ጮኸ።

«አልወደቀም፤ ሊያርፍ ነው። ሌላ ጊዜም ይሠሩበታል» አለች ሳዲያ።

በዚህ መሃል ኔትወርኩ ተቋረጠና ምስሉ ደርቆ ቀረ። ሳዲያ ስልኳን መነካካት ጀመረች። ምስሉ ሲመለስ ያ ግዙፍ ነገር ባሕር ላይ በተንሳፈፈ መድረክ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል!

ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩት ጋሽ ኤልሳዕ ኮፍያቸውን ወደ ላይ ወረወሩ። «አቤት አቋቋም! እኔ እኮ እዚህ ገበያ ውስጥ ረዳት እየመራኝ እንኳ እንዲህ አቁሜ አላውቅም!»

ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። ሰዉ ሊበተን ሲል ሳዲያ «የት ትሄዳላችሁ? ሳተላይቱ ገና አልተለቀቀም!» አለች። ማንም አልሄደም። ሳተላይቱ ከሮኬቱ ተላቆ ቀስ ብሎ ሲርቅ አንዲት ቅቤ ነጋዴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሳዲያም ሳታስበው አብራት እልል አለች።