ገብስማው ዳይኖሰር

አባቴ የሥዕል መምህር ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ካዛንቺስ ከቤታችን ጀርባ ባለው መዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ ትልቅ ዳይኖሰር ሣለ። በሁለት እግሩ የቆመ፣ አፉን የከፈተ፣ እንደ አዞ ቅርፊታም ግራጫ እንስሳ ነበር። የቀዳው ሽፋኑ ከተገነጠለ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ሕፃናቱ መጀመሪያ አለቀሱ፤ በሳምንቱ ጥርሱን እየነኩ ቁጥር ይማሩበት ጀመር።

አድጌ እኔም በሥዕል ማደር ያዝኩ። ለልጆች መጻሕፍት ነበር የምሠራው። አንድ ጊዜ ዳይኖሰር ሣይ ተባልኩና ባምቢስ ሱፐርማርኬት አጠገብ ካለ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ፎቶው ከላይ ወደ ታች እያዘገመ ሲከፈት፣ ድንጋይ ላይ የተጋደመ አጽም አየሁ። አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሟል። ክንዱን ተከትሎ የላባ አሻራ አለ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ። ፕሪንት አስደርጌ ወደ ቤት ሮጥኩ።

አባቴ ያኔ ጡረታ ወጥቷል። የዓይን ግፊት ቀኝ ዓይኑን ወስዶበታል፤ በግራው የሚያየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ነበር። ወረቀቱን መስኮት ዳር ወስዶ በአጉሊ መነጽር መረመረው።

"ዶሮ ነው እንዴ?"

"ዳይኖሰር ነው፣ አባዬ። ላባ ነበራቸው። ማለቴ፣ ሁሉም ባይሆኑም... ያንተው ዓይነቶቹ ነበራቸው ይላሉ።"

አጉሊ መነጽሩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር።

"ስንት ዓመት ልጆቹን ስዋሻቸው ኖሬያለሁ" አለ።

"አንተ ምን አደረግህ? ያኔ መቼ ታወቀና።"

"አሁን ታወቀ። ግድግዳው ግን እየዋሸ ነው። ሂጂ ዶሮ ግዢ።"

አንዲት ገብስማ ዶሮ ከነሕይወቷ ይዤ መጣሁ። እናቴ ሽንኩርት መላጥ ጀምራ ነበር። አባቴ ዶሮዋን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ክንፏን ሲዘረጋ ስታይ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"ምን ልታደርጓት ነው?"

"ልናጠናት" አላት።

ዓይኑ ያልደረሰበትን በጣቱ አየ። "እጅሽን አምጪ። ጠንካሮቹ ላባዎች ከአጥንቷ ነው የሚነሱት። ትንንሾቹ ከላይ ይደረቡባቸዋል፣ እንደ ጣራ ቆርቆሮ። ሆዷ ላይ ጥጥ ነው፣ ይኸውልሽ።"

የመጀመሪያ ንድፌን ሳሳየው ሳቀ። "ይሄ ብርድ ልብስ የደረበ እንሽላሊት ነው። ላባ አይለበስም፣ ከሥጋ ነው የሚበቅለው። ሲበርደው ይነፋዋል፣ ሲፈራ ያጣብቀዋል። መጀመሪያ እንስሳው ምን እንደተሰማው ወስኚ።"

"ቀለሙስ?"

"ማን አይቶት! ገብስማ ይሁን" አለ፣ ዶሮዋን እየደባበሰ።

ርዕሰ መምህርቷ ፈቀዱልንና ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ ግቢው ውስጥ እንሠራ ጀመር። አባቴ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ አፍንጫው ግድግዳውን ሊነካ እስኪል ይጠጋል። እኔ የእጁን አንጓ ይዤ "ወደ ግራ፣ ትንሽ ዝቅ፣ በቃ" እለዋለሁ። አንዲት ሕፃን ሰኞ ጠዋት አይታው "ክረምት ሲመጣ ላባ አበቀለ" ማለቷን ርዕሰ መምህርቷ ሲነግሩት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ።

ጭንቅላቱ፣ አንገቱ፣ ክንዶቹ፣ ጀርባው አለቁ። ፎቶ ላንሣው ስለው "ያላለቀ ሥራ ፎቶ አይነሣም" ብሎ ከለከለኝ። "ጅራቱን ደግሞ እንዳትነኪብኝ። ዝናቡ ሲያቆም እኔው እጨርሰዋለሁ።"

ዝናቡ ሳያቆም ሳንባውን ታመመ። መስከረም ሳይጠባ አረፈ።

ከለቅሶው በኋላ ርዕሰ መምህርቷ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር "ልጆቹ ጅራቱስ እያሉ ነው፣ ጨርሺልን እንጂ" ይሉኛል። እሺ እላቸዋለሁ። ሁለቴ ቀለም በጥብጬ ሄጄ፣ በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ብሩሹን ሳላነሣ ተመልሻለሁ። ከላይ ገብስማ ላባ፣ ከወገቡ በታች የድሮው ግራጫ ቅርፊት ሆኖ ሁለት ዓመት ቆየ። ከዚያ ከቤታችን ጀርባ ያለው ሰፈር ለልማት ይፈርሳል ተባለ። በሰማሁ ማግሥት በጠዋት ሄድኩ። ለካ ቀድመውኛል፤ አጥሩም ግድግዳውም የለም፤ የፈረሰውን ብሎኬት መኪና ጭኖ ሄዷል። መሬቱ ላይ የልጆች ጫማ ዱካ እንኳ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ላባ ያላቸው ብዙ ዳይኖሰሮች ሥያለሁ። አሳታሚዎች "ይሄ ወፍ ነው ወይስ አውሬ?" እያሉ ይከራከሩኛል፤ እኔም እከራከራለሁ። በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ከአንዳንዶቹ ድንጋዮች የላባው ቀለም ምልክት ሳይቀር እየተነበበ መሆኑን ነገረችኝ። እሷ ወሬዋን ሳትጨርስ ስልኬን አውጥቼ ቤት ደወልኩ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ።

"አቤት? ምነው ልጄ፣ ደህና ነሽ?" አለች እናቴ።

አባዬን አገናኚኝ ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነው የቆመው።

"ደህና ነኝ፣ እማዬ" አልኳት። "ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።"