በሽታ መቀመጫ ያጣበት ቤት

ልጅ ሳለሁ፣ ከአገር ወጥተን ሐርጌሳ ከተማ መሐመድ ሞጌ በሚባል ሰፈር በተከራየናት አንድ ክፍል ቤት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ጋሽ ደምሴ ተረት ይነግሩን ነበር። የአባቴ አጎት ናቸው፤ ሁለቱም ግንበኞች ነበሩ፣ ሲሚንቶው ከጥፍራቸው ሥር ታጥቦ የማይለቅ። ሻዩ ከሰሉ ላይ ይንተከተካል፣ ፋኖሷ ጭሷን ወደ ቆርቆሮው ትልካለች፣ እኔም እናቴ ጭን ላይ ጋደም ብዬ አፍ አፋቸውን አያለሁ።

ያኔ ከሁሉ የምወደው የሁለቱን እህትማማቾች ተረት ነበር። በሽታ እንግዳ መስሎ ማደሪያ ሲፈልግ መጀመሪያ የቁጡዋን በር ያንኳኳል፤ ፊቷን አጨማድዳ ስትከፍትለት ደስ ብሎት መደቡ ላይ ይደላደላል። ሳቂታዋ ዘንድ ሲሄድ ግን ሳቋ ቤቱን ሞልቶት መቀመጫ ያጣና አፍሮ ይመለሳል። እዚህ ሲደርሱ ጋሽ ደምሴ ወደ እናቴ ዞር ብለው «እንግዲህ አስካል፣ አንቺ ሳቂልን» ይሏታል። ትስቃለች። የሰው ልብስ ስታጥብ ውላ ወገቧ ሳይቀና እንኳ የምትስቅ ሴት ነበረች።

ያ ተረት በዚያ ዓመት ለምን እንደተደጋገመ ያኔ አላወቅሁም። እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር፤ ሶማልኛ ብዙም ስለማትሰማ አስተርጓሚዋ አባቴ ነበር። ሐኪሙ ብዙ ተናገረ፣ አባቴ ግን «ብርድ ነው አለ» ብሎ አሳጠረው። እሷም ቅቤ እየታሸች ሥራዋን ቀጠለች። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም፤ ልቡ ከተሰበረ ቶሎ ይሞታል ይባላል። አባቴና ጋሽ ደምሴም ተማክረው፣ ለፋሲካ አገር ቤት ጠበል እስክትወሰድ ድረስ ልቧን በተረት ሊጠብቁላት ወሰኑ።

እብጠቱ ሲብስባት፣ አባቴ ሥራ ላይ ስለነበር፣ ሆዳን የምትባል ጎረቤታችን ሐኪም ዘንድ አብራን ሄደች። ጅግጅጋ ያደገች ሶማሌ ናት፣ አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል። ሐኪሙን ሰምታ የእናቴን እጅ ያዘች። «አስካልዬ፣ ካንሰር ነው እያለ ነው። ለባሏ ያን ጊዜውኑ ነግሬዋለሁ ይላል። ወላሂ፣ የምታውቂ መስሎኝ ነበር።»

የዚያን ምሽት ጋሽ ደምሴ ተረታቸውን ሊጀምሩ ሲሉ እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አለች። «የሰውን በሽታ ከባለቤቱ የደበቀስ ምን ይባላል?»

እንዲያ ስትቆጣ አይቻት ስለማላውቅ፣ በሽታው መጥቶ መደባችን ላይ የተደላደለ መሰለኝና ቀሚሷን ይዤ «እማዬ፣ እባክሽ ሳቂ» እያልኩ አለቀስሁ። ይህን ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው።

ሕክምናውን ጀመረች፤ ግን ዘግይቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ እንዳሻት ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ አንዳንድ ቀንም ትስቃለች። ስታርፍ፣ ለቅሶው ላይ ጋሽ ደምሴ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ንዴት ነው የበላት፤ ስትስቅ ደህና ነበረች» አሉ። አባቴ አንገቱን ደፋ። ሞቷን ከዕድሜዬ ጋር ለመድኩት፤ ይሄኛው ግን ክህደት ነው፣ እስከ ዛሬም አልዋጥልሽ አለኝ። መጀመሪያ በሽታዋን ደበቁባት፣ ቀጥለው ሞቷን በጠባይዋ አሳበቡ።

ጋሽ ደምሴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚያናድደኝም ይሄው ነው። የፋኖሷ ጭስና ለስላሳው ድምፃቸው አሁንም አብረውኝ አሉ፣ ተረታቸውንም ለልጄ እነግራታለሁ። በእኔ ተረት ግን በሽታ ሁለቱም ቤት ይገባል፤ ሳቅ አይመልሰውም፣ ቁጣም አይጠራውም።

«ከዚያስ?» ትለኛለች።

ቁጡዋ ጮኸች፣ ጎረቤት ሰምቶ ደረሰላት እላታለሁ።

«ሳቂታዋስ?»

«እሷማ» እላታለሁ፣ «ቤቷ ማን እንደገባ የነገራት አልነበረም።»